ከበዓል በፊት ያለችው ሳምንት

መስከረም ከጠባ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ የትኛውም የግንባታ ሳይት ብትገቡ፣ ከፌሮ አሳሪው እስከ ውሃ አመላላሿ ሴት ድረስ አንድ ጥያቄ ትሰማላችሁ፦ «ሂሳብ መቼ ነው የሚወጣው?» ጉራጌው ለመስቀል እዣና ቸሃ መግባት አለበት። ወላይታው ለጊፋታ ሶዶ፣ ጋሞው ጨንቻ ይጠበቃል። ሂሳቡ ከዘገየ መኪና ይጠፋል፣ ታሪፉ ይንራል፣ ለእናት የሚገዛው ነጠላ ይቀራል። ስለዚህ ሠራተኛው የተመደበለትን ጨርሶ ብሩን ለመቀበል ይሮጣል። የሚሮጠው ደግሞ ሜዳ ላይ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት አጣና መካከል በተዘረጋ ጣውላ ላይ ነው።

እኔ ከእዣ አዲስ አበባ የገባሁት በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ጢም ሳላበቅል ነው። አጎቴ ግንበኛ ነበርና ባሬላ ተሸካሚ አድርጎ አስቀጠረኝ። ኋላ ፌሮ ማሰር ለመድሁ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ ካቦ ሆንሁ፣ ከዚያ ፎርማን። ዕድሜዬን ሙሉ ሕንፃ ሲቆም አይቻለሁ፤ ሰው ሲወድቅም አይቻለሁ። የበዓል ሰሞን ሲመጣ ሁልጊዜ ልቤ አይረጋም። አደጋው ሲደርስ «የበዓል ጣጣ ነው» ብለው የሚያልፉ አሉ። የሙያችን ታሪክ የሚነግረን ግን ተቃራኒውን ነው። በዓል ለግንበኛ መከለያው ነበር። አደገኛ ያደረግነው እኛ ነን፤ ዕረፍቱን ከሥራው ዕቅድ አውጥተን ሠራተኛው በገዛ ኪሱና በገዛ ጉልበቱ እንዲገዛው ስናደርግ።

ወደ ኋላ ልመለስ። ከሲሚንቶ በፊት የነበረው ግንባታ የራሱ መቁጠሪያ ነበረው። ድንጋዩ የሚያያዘው በጭቃ ነው፤ ግድግዳው የሚመረገው ጭድ በገባበት ጭቃ ነው። ጭቃ ካልደረቀ አይሸከምም፤ ጭድ ደግሞ የሚገኘው እህል ከተወቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ክረምት ከገባ ግንባታ የለም። ቤት የሚሠራው ከመስቀል በኋላ፣ በይበልጥም ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ባለው በጋ ነበር። በገጠር የሚሠራውም በደቦ ነው፤ ባለቤቱ ሰውን ጠርቶ፣ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ አቅርቦ። የሠራተኛው ሆድና ጤና የባለቤቱ ኃላፊነት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም ነበር። ሰው ሳያበላ ምሰሶ ያስተከለ ሰው ስሙ በአገር ይነሣል።

ከዚህ በላይ ደግሞ በዓሉ አለ። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። በእነዚህ ቀናት መሬት አይቆፈርም፣ እንጨት አይቆረጥም። የሻረ ሰው ቢኖር በረዶ የወረደው በእሱ ምክንያት ነው ተብሎ አገር ይነሣበታል። የውጭ ተጓዦች በዓሉ በዛ እያሉ ብዙ ወቅሰዋል፤ በኋላ የመጡ አሠሪዎችም እንዲሁ። አንድ ነገር ግን አላስተዋሉም። ዕረፍቱን የሚያስከብረው ሠራተኛው ብቻውን አልነበረም፤ መንደሩ በሙሉ ነበር። ጌታም ቢሆን በሚካኤል ቀን «ውጣና ገንባ» ብሎ ማዘዝ ይከብደዋል። ደካማውን ከጉልበተኛው የሚከልል ጠንካራ ልማድ ነበር።

በጎንደርም ይህ ታሪክ ሌላ መልክ አለው። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን ከቆረቆሩበት ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባሉት የግንባታ ዘመናት ቤተ እስራኤሎች በግንበኝነትና በአናጢነት ሙያቸው የታወቁ ነበሩ። እነሱ ደግሞ ቅዳሜን እሳት እስካለማንደድ ድረስ አጥብቀው የሚያከብሩ ሕዝብ ናቸው። ሙያቸውን የፈለገ ሰው ሰንበታቸውን አብሮ መቀበል ነበረበት።

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትም ዝም አላሉም። ሲኖዶስ በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው የሐዋርያት ሥርዓት ባሮች ሳይቀሩ አምስት ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሑድ እንዲያርፉ ያዛል። በሰሙነ ሕማማትና ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንትም ሥራ እንዳይሠሩ ይላል። ይህን መጽሐፍ የሚጠቅሱ አባቶችን ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የዛሬው ቀን ሠራተኛ ነው። እሱ ባሪያ አይደለም፤ የነጻ አገር ነጻ ሰው ነው። ይሁንና በጥንቱ ሥርዓት ለባሪያ የተጻፈችው ሳምንት ለእሱ አልደረሰችውም። የተጻፈው ሁሉ ይፈጸም ነበር ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ማረፍ የሥራው አካል እንደሆነ፣ ሳምንቱም ከነስሙ ተቆጥሮ መሰጠት እንዳለበት ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ መቁጠሪያ አብሯት መጣ። በ1880ዎቹ የጉራጌ አገር በምኒልክ ግዛት ሥር ከዋለ በኋላ አባቶቻችን ወደ አዲሲቱ ከተማ እየመጡ ቆፈሩ፣ ተሸከሙ፣ ገነቡ። የአርመኑ ሚናስ ኸርበኪያንና የሕንድ ግንበኞች በአራዳና በፒያሳ አካባቢ ያቆሟቸው ቤቶች በስማቸው ይጠሩላቸው ይሆናል፤ ድንጋዩን ወደ ላይ ያወጣው ትከሻ ግን የቀን ሠራተኛው ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ ለሠራተኛው መወጣጫ ሆነው። ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ርካሽ እንጨት። ከመቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ግንበኛ የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ዛሬም ብረት መወጣጫ ባልገባበት ሳይት ሁሉ እዚያው ላይ ቆሟል።

የአባቶቻችን ውል ግልጽ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በከተማ ይሠራል፤ ለመስቀል ግን አገር ይገባል። ሚስት ለቅቤ ዕቁብ ትጥላለች፣ ባል ለሰንጋ ያጠራቅማል፣ ቆጮው አስቀድሞ ይፋቃል። መስቀል ላይ አገሩ ያልገባ ጉራጌ ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ይባል ነበር። አጎቴ በ1950ዎቹ ጥርብ ድንጋይ ሲሠራ፣ አሠሪዎቹ ለመስቀል ሰው እንደማይገኝ አስቀድመው ያውቁ ስለነበር ሥራውን በዚያ ልክ ያቅዱት እንደነበር ይነግረኝ ነበር። ክረምቱም ይረዳል፤ ዝናብ ሥራውን ያቀዘቅዘዋል። አገር የገባው ሰው ወተትና ሥጋ ቀምሶ፣ እንቅልፍ ጠግቦ፣ ቁስሉ ሽሮ ይመለሳል። ዓመት ሙሉ ለሚሰበር ወገብ ሕክምናው ይኸው ነበር።

ይህን መቁጠሪያ የቀየረው ሲሚንቶ ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የግንባታ ዕቃ በቀላሉ ይገባ ጀመር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970ዎቹ ሙገር ተጨመረ። አርማታ እንደ ጭቃ ፀሐይ አይጠብቅም። ላስቲክ አልብሰኸው በክረምትም ትሞላዋለህ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው አርቱሮ ሜዘዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ከዚያም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ኮንዶሚኒየሞቹ፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ፦ ሁሉም የአርማታ ልጆች ናቸው። ከተማዋ በእነሱ አምራለች፤ እኔም ከእንጀራዬ በላይ ኩራት አግኝቼባቸዋለሁ። ነገር ግን ክረምቱ በራሱ ይሰጥ የነበረው ዕረፍት ጠፋ። የማስረከቢያ ቀን የሚባል ነገር መጣ። የማስረከቢያ ቀን ደግሞ ሚካኤልንም መስቀልንም አያውቅም።

በዚህ መሐል ሕግ ገባ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ የመስቀል ዕለት ማለት ነው። በዚያው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አባል ሆነች። የአገራችን ሠራተኛ ጉዳይ ከዓለም ሠራተኛ ጉዳይ ጋር የተገናኘው ግንበኛው አገሩ ገብቶ መስቀልን በሚያከብርበት ቀን መሆኑ ለእኔ ትርጉም አለው። ከዚያ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአሠሪንና የሠራተኛን ውል ደነገገ። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባን ባጥለቀለቀው ሰልፍ መብታቸውን ጠየቁ፤ ደርግም ኢድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ሕዝባዊ በዓል አደረጋቸው። ይህ ለሙያችን ትልቅ ነገር ነበር። የስልጤውና የሙስሊሙ ጉራጌ መስቀል አረፋ ነውና፤ እሱም አገሩ የሚገባበት ቀን በሕግ ታወቀለት። ከዚያ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ከዚያ 42/1985፣ ከዚያ 377/1996፣ በመጨረሻም ዛሬ የምንሠራበት 1156/2011 ተከታትለው ወጡ። በ1983 ዓ.ም. አገሪቱ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 አጸደቀች።

ከሁሉም ልቤን የሚያሞቀው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ነው። ሠራተኞች ያላቸውን መብት ሲዘረዝር የሥራ ሰዓት ገደብን፣ ዕረፍትን፣ በየጊዜው ከደመወዝ ጋር የሚሰጥ ፈቃድን፣ ደመወዝ የሚከፈልባቸውን ሕዝባዊ በዓላትንና ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን በአንድ ላይ አስቀምጧቸዋል። የበዓል ክፍያና የሥራ ደኅንነት አንድ ቦታ መግባታቸው ትክክል ነው። ሳይት ላይ የኖረ ሰው እነዚህ ሁለቱ እንደማይለያዩ ያውቃል።

አዋጁ ዘንድ ስንደርስ ግን ስንጥቅ አለ። በአዋጅ 1156 መሠረት ወርኃዊ ደመወዝተኛ በሕዝባዊ በዓል ባይሠራም ደመወዙ አይቀነስበትም። በበዓል ቀን የሠራ ደግሞ በሰዓት እጥፍ ይከፈለዋል። ወርኃዊ ደመወዝተኛ ላልሆነው ግን የበዓል ክፍያው በሥራ ውል ወይም በኅብረት ስምምነት ይወሰናል ተብሎ ታልፏል። እንግዲህ ንገሩኝ፦ ጠዋት በር ላይ በካቦ ጣት ተመርጦ የሚገባ ቀን ሠራተኛ ምን ዓይነት የጽሑፍ ውል አለው? የኅብረት ስምምነቱስ የት አለ? ስለዚህ ለኢንጂነሩ በዓሉ ዕረፍት ነው፤ ለባሬላ ተሸካሚው የጠፋ የቀን ሂሳብ ነው። ሂሳቡን ለማካካስ ከበዓሉ በፊት ባለችው ሳምንት ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሲመቸውም ሌሊቱን ጨምሮ ይሠራል። አደጋ የሚቀመጠው እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

ከበዓሉ በፊት ያለችው ሳምንት ምን እንደምትመስል ላሳያችሁ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ከተሞላ በኋላ ከሥሩ የሚደግፉት ፑንቴሎዎች ሁለትና ሦስት ሳምንት መቆም አለባቸው። አሠሪው ግን ጣውላውን ለሚቀጥለው ፎቅ ይፈልገዋል፤ ሠራተኛውም «ይህን ነቅለህ ጨርስ፣ ሂሳብህን ይዘህ ሂድ» ተብሏል። ወጣት ልጅ ነው፤ ሻንጣው ከጥበቃው ቤት ተቀምጧል። በመዶሻ ፑንቴሎውን ይመታል፣ ጣውላው ከነሚስማሩ ይወርዳል፣ ሚስማሩን የሚያጥፍ የለም። ከታች ሌሎች እየተመላለሱ ነው። «ጋሼ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው፤ ይህን ቶሎ ላውርደው» ይላል። እንዲህ ባለ የፋሲካ ዋዜማ፣ ስሙን በማልጠራው ሳይት ላይ አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ ከነጣውላው ወረደ። ሕይወቱ ተርፏል፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የደኅንነት ቀበቶ ነበር፤ መጋዘን ተቆልፎበት ነበር። የመጋዘኑ ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝተኛ ስለነበረ አስቀድሞ ለበዓል ሄዷል።

በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሃምሳ አምስቱን ቀን የሚጾም ሰው በመጨረሻዋ ሳምንት ይሰግዳል፤ ብዙው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያ በላይ እህል ውሃ አይቀምስም። ጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ቀምሶ እስከ ትንሣኤ ሌሊት የሚያከፍልም አለ። ይህ ሰው ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ በትከሻው ይዞ በአጣና መወጣጫ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ከታች ይታያል። በረመዳንም እንዲሁ ነው፤ ሙስሊሙ ወንድሜ ከንጋት እስከ ማታ ውሃ ሳይቀምስ በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይውላል። ጾሙ ስሕተት አይደለም፤ እኔም እጾማለሁ። ስሕተቱ ሥራውን ለጾመኛ ሰው አለማስተካከላችን ነው። አጎቴ ካቦ በነበረበት ጊዜ በሕማማት ሳምንት ማንንም ከፍታ ላይ አያወጣም ነበር። ፌሮ መቁረጥ፣ ሚስማር ማቃናት፣ ጠጠር መንፋት፣ ዕቃ መቁጠር፦ መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ለዚያች ሳምንት ይጠራቀማል። በረመዳን ለሙስሊሞቹ የጠዋቱን ፈረቃ ይሰጣቸዋል፤ ፀሐይ ሳይበረታ ከባዱን ጨርሰው ከሰዓት በኋላ ጥላ ይይዛሉ። ይህን ማንም አላስተማረውም። የተማረው ከመሬቱ ነው።

በዓሉ ዕለት ሳይቱ ባዶ ይመስላል፤ ባዶ ግን አይደለም። አዲስ የተሞላ አርማታ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ሁሉም አገር ሲገባ ውሃ የሚያጠጣው ማን ነው? መሳፈሪያ ያጣው፣ ወይም በዓሉ የእሱ ያልሆነው፣ ወይም የጥበቃው ሽማግሌ። ብቻውን ባልዲ ይዞ በደረጃው ይወጣል፤ ደረጃው እጀታ የለውም፣ የአሳንሰሩ ጉድጓድ ክፍት ነው። ቢወድቅ የሚሰማው ሰው የለም፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚገኘው። ስለዚህ ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት ሶሌታ መሙላት የለብንም የምለው ለሠራተኛው ድካም ብቻ ብዬ አይደለም። ዛሬ የሞላኸው አርማታ ነገ ሰው ይፈልጋል።

የገና ሌሊት ደግሞ ሌላ ጠላት አለው። ታኅሣሥና ጥር የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ይሰብራል። አገሩ ያልገባው ሠራተኛ የሚያድረው ሳይቱ ጥግ በቆርቆሮ በተሠራ ካምፕ ነው፤ ስንጥቁን ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወትፎታል። ማታ ቡና ይፈላል፤ ቡናው ሲያልቅ ከሰሉ አይጣልም፣ በሩ ተዘግቶ ይሞቀዋል። የከሰል ጭስ የሚገድለው ስለሚታይ አይደለም። ገዳዩ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ መጀመሪያ ራስን ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፣ ከዚያ ሰው አይነሣም። ከተማችን በዚህ ስንት ወጣት እንደቀበረች ጎረቤት የሌለው ሰው ብቻ ነው የማያውቀው። አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስና «ከሰል ከቤት ውጭ» የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ሰው ያተርፋል። ፎርማን በነበርሁበት ጊዜ ማንደጃውን ማታ በራሴ እጅ አውጥቼ ነበር የማድረው።

የተመለሰው ሰውም አደጋ ይዞ ነው የሚመለሰው። በፋሲካ ማግሥት ሌሊቱን በጠላና በአረቄ ያሳለፈ፣ ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሆዱ በሥጋ የታወከ ሰው መሰላል ላይ መውጣት የለበትም። አዋጁም ሰክሮ ሥራ መግባትን ይከለክላል። ነገር ግን ልጁ ከገባ የቀን ሂሳቡን ያገኛል፣ ካልገባ ያጣል፤ ስለዚህ ዓይኑ ቀልቶ ይገባል። ከመስቀል መልስ ደግሞ ሳይቱ ራሱ ታሟል። ክረምቱን የጠጣው አጣና ሥሩ በስብሷል፤ ሚስማሩ ዝጎ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቷል። በቦሌና በሲኤምሲ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ መስከረም ፀሐይ ሲወጣበት ይሰነጠቃል። የመሠረት ጉድጓድ ግድግዳ ቆሞ ይታያል እንጂ በውስጡ ተላቋል። የታደሰ ጉልበት ይዞ የተመለሰ ልጅ ዶማውን ይዞ ዘሎ ይገባበታል። አፈር በአንድ ሰው ላይ ሲናድ ለጩኸት ጊዜ አይሰጥም።

አጎቴና የዘመኑ ካቦዎች ለዚህ ሁሉ መልስ ነበራቸው። ከበዓል መልስ የመጀመሪያው ቀን የመፈተሻ ቀን ነው። አጣናው አንድ በአንድ በመዶሻ ጀርባ ይመታል፤ ደረቅ ድምፅ የሰጠ ይቀራል፣ የታፈነ ድምፅ የሰጠ ወርዶ ማገዶ ይሆናል። የጉድጓዱ አፍ ይጠረባል፣ ግድግዳው በእንጨት ይደገፋል። የጠጣውም ሰው በዚያ ቀን መሬት ላይ ሲለቅም ይውላል፤ ሂሳቡ አይቆረጥበትም፣ ነፍሱም አትጠፋም። በበዓሉ ዋዜማ ደግሞ ቅርጫ አለ። ሠራተኛው ከየሂሳቡ አዋጥቶ፣ አሠሪውም ጨምሮ በሬ ይገዛል፤ አገር የማይገባው ሁሉ መደቡን ይዞ ይሄዳል። ሥጋው ብቻ አይደለም ጥቅሙ። በቅርጫው ቀን ካቦው ማን እንደሚቀር፣ ማን የት እንደሚያድር፣ ማን አርማታ እንደሚያጠጣ ይቆጥራል። ሰው ተቆጥሮ ያድራል።

እነዚያ ልማዶች ዛሬ በብዙ ሳይት የሉም። አንዱ ምክንያት የሥራው መከፋፈል ነው። ዋናው ተቋራጭ ለንዑስ ተቋራጭ ይሰጣል፣ ንዑስ ተቋራጩ ለካቦ፣ ካቦው ለሌላ ካቦ፤ ሠራተኛው «አሠሪዬ» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ሳያውቅ በዓል ይደርሳል። ደቦ የጠራው ባለቤት የት አለ ብለህ ብትፈልግ አታገኘውም። ሕጉ የደኅንነት መሣሪያ ማቅረብን፣ ሠራተኛን ማሠልጠንን፣ አደጋን መመዝገብንና ማሳወቅን በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ አሠሪው ግን እንዲህ በእጅ በእጅ ሲተላለፍ ግዴታው በመንገድ ይቀራል።

ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ ታሪካችን የሚያውቀውን በውል ላይ መጻፍ ነው። ሂሳብ ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድሞ ይውጣ፤ የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር። የቀን ሠራተኛው የበዓል ክፍያ በሥራ ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ አዋጁ ለውል ትቶታልና ውሉ ዝም አይበል። በበዓል ዋዜማና በሕማማት ሳምንት ሶሌታ አይሞላ፣ ፑንቴሎ አይነቀል፣ ከፍታ ላይ አይወጣ። በበዓሉ የሚቀሩት ሰዎች ቢያንስ ሁለት ሆነው ይቅሩ፤ ስማቸውም ስልካቸውም ፎርማኑ ዘንድ ይኑር። ከሰሉ ውጭ ይደር። ከበዓል መልስ የመጀመሪያው ቀን የሥራ ሳይሆን የፍተሻ ቀን ይሁን፣ ሂሳቡም ሙሉ ይከፈል። የማስረከቢያ ቀን ሲወሰንም መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድና አረፋ አስቀድመው ከቀን ቆጠራው ይውጡ፤ በዓሉ የሚመጣበትን ሰሞን ሁላችንም ከዓመት በፊት እናውቀዋለን።

ይህ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል የሚሉኝ አሉ። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የአንድ ቀን ፍተሻ የሚያስወጣው የአንድ ቀን ሂሳብ ነው። አንድ ልጅ ሲወድቅ ግን ሥራው ይቆማል፣ ካሳው ይመጣል፣ ጓደኞቹ ፈርተው ይበተናሉ፤ እዣ ወይም ሶዶ ወይም ጨንቻ ያለች እናት ደግሞ የማንም ካሳ የማይሞላው ነገር ታጣለች። የከተማችንን ሕንፃዎች ያቆሙ ሰዎች ለበዓል በራሳቸው እግር ቤታቸው እንዲገቡ ማድረግ የአሠሪው ቸርነት አይደለም። በሕገ መንግሥት የተጻፈ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ደግሞ ከበዓል በፊት ይከፈላል።